መላክ ማስተማር ነውን?

ፕላቶ «ፌድረስ» በተባለው ድርሳኑ ውስጥ ሶቅራጥስ ያወጋውን አንድ የግብፃውያን ተረት አስፍሯል። ቴውት የተባለ አምላክ የጽሕፈትን ጥበብ ይፈለስፍና፣ የሰዎችን ትውስታና ዕውቀት የሚያበረታ መድኃኒት ነው ብሎ ለንጉሥ ታሙስ ያቀርብለታል። ንጉሡ ግን አልተዋጠለትም። ሰዎች በጽሑፍ እየተማመኑ ማስታወስን ይተዋሉ፤ ሳያውቁም ያወቁ ይመስላቸዋል ሲል ይሞግተዋል። የሚገርመው ታዲያ፣ ይህን የጽሕፈት ወቀሳ ዛሬ ልናውቀው የቻልነው ፕላቶ ስለ ጻፈው ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ገቡት ስልክ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ በተነሣ ቁጥርም ክርክሩ ከዚህ አይርቅም። አንዱ ወገን እንደ ቴውት «መድኃኒት ተገኘ» ይላል፤ ሌላው እንደ ንጉሡ «ትውልዱ ጠፋ» ይላል። ለነገሩ ማኅበራዊ ሚዲያ ለዩኒቨርሲቲ ባዕድ አይደለም። ፌስቡክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ለሐርቫርድ ተማሪዎች ብቻ የተከፈተ ነበር። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ይኸውም መምህርና ተማሪ አንዱ ለሌላው ያለበት ዕዳ ምንድን ነው የሚለው ነው።

የመሣሪያው ጥቅም አሌ የሚባል አይደለም። አንድ መጽሐፍ ለመዋስ ወረፋ ይጠበቅ የነበረበትን ዘመን፣ መምህሩም ከዓመት ዓመት ያልተለወጠ ማስታወሻውን እያነበበ ተማሪውን ያስጽፍ የነበረበትን ክፍል የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ያ ደግሞ የሚናፈቅ አልነበረም። ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጽሑፎቹን ለዓለም በነጻ እንደሚለቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ካስታወቀ ወዲህ፣ በሰመራም ሆነ በጂንካ ያለ ተማሪ መስመሩ እስካልተቋረጠ ድረስ ቦስተን አጠገብ የተዘጋጀውን ጽሑፍ ማንበብ ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ይሁንና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ብዙ መምህራን ሃንዳውታቸውን በቴሌግራም መላክ ያዙ። ለክፉ ቀን የተበጀ መላ ነበርና የሚነቀፍ አልነበረም። ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ግን መላው በየቦታው ልማድ ሆኖ ቀረ። መምህሩ «ልኬላችኋለሁ» ይላል፤ ተማሪዎቹ «ደርሶናል» ይላሉ። ስልኩ የተሰበረበት ወይም የኢንተርኔት ጥቅል መግዣ ያጣ ልጅ ግን «ደርሶናል» ከሚሉት መካከል የለም፤ አለመኖሩንም ልብ የሚል የለም። የደረሰውም ቢሆን ፋይሉን ያስቀምጠዋል እንጂ ሁልጊዜ አያነበውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው አይደለምን?

እስኪ ወደ ቅኔ ቤት እንመለስ። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሆኖ ሲያሰላስል ይውልና የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም አድምጦ ያርመዋል፤ የሰመረውን ያጸናለታል፤ የተሰበረውን ያቃናለታል። እዚያ ቤት የመምህሩ ዋነኛ ሥራ መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም ነው። ተማሪው ምን እንዳልገባው የሚያውቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ አለ ማለት ነው። ጽሑፍ በስልክ ይላካል፤ ይህ መታወቅ ግን በመላክ ብቻ አይገኝም።

እርግጥ ነው፣ መምህሩ ክፍሉ በተማሪ ታጭቆበታል፤ ደመወዙም የሚያወላዳ አይደለም። ተማሪውም ከቴሌግራም የገለበጠውን ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈለትን የቤት ሥራ ቢያስረክብ፣ ከልቡ የሚያነብለት እንደሌለ ስለሚጠረጥር ነው። እንዲህ እያለ አንዱ ያስተማረ ይመስላል፤ ሌላው የተማረ ይመስላል፤ ሁለቱም ሳይጣሉ ይለያያሉ። በደሉ የሚደርሰው በዚያ ስምምነት ውስጥ ባልነበረ በሦስተኛ ሰው ላይ ነው። የመድኃኒቱ መጠን የተሳሳተበት በሽተኛ፣ መሠረቱ በወጉ ያልተሰላ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ «ደርሶናል» አላሉም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ቢሆን፣ ጥያቄና መልስ ብቻ እየሸመደደ ለሚያልፍ ሰው ከዚህ በደል ማምለጫ እንጂ መካሻ አይሆንም።

ታዲያ መፍትሔው መዝጋት ነው? በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች በፌስቡክ ሾልከው ሲወጡ፣ መንግሥት በድጋሚው ፈተና ሰሞን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችን በመላ አገሪቱ ዘግቶ ነበር። በሩ ለቀናት ተዘጋ፤ የኩረጃ ፍላጎት ግን አብሮ አልተዘጋም።

መሣሪያው መምህሩን ከማስጻፍ ድካም ገላግሎታል። ጥያቄው የተረፈውን ሰዓት ምን አደረገበት ነው። ጽሑፉ በስልክ ይሂድ፤ ክፍሉ ግን የመጠየቂያ፣ የመሳሳቻና የመታረሚያ ቦታ ሆኖ ይቆይ። ተማሪውም የላኩለትን አንብቦ፣ ያልገባውን ይዞ የመምጣት ዕዳ አለበት። አንድ መምህር በሴሚስተሩ መጨረሻ ስንት ገጽ እንደላከ መቁጠር አይቸግረውም። የስንቱን ተማሪ ሐሳብ ሰምቶ እንዳረመ ቢጠየቅ ግን ምን ይመልስ ይሆን?