ስለ ባለ ሞተር ደስታና ስለ እግረኛ ጥማት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው መንገዱን ከደቻቱ ይጀምራል ማለት ይቻላል። ደቻቱ ከተማይቱን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው፤ ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመቱ በሚበልጠው ቀን ውኃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ስለ ሆነ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ይሻገረዋል። አገር ለማየት ብቻ የመጣ እንግዳ ይህን አሸዋ በተመለከተ ጊዜ፥ ባዶ ስፍራ ነው ብሎ ያልፋል። ነገር ግን ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊት በላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ በዚሁ አሸዋ ላይ ጐርፍ ሆኖ ወረደና በእንቅልፍ ላይ የነበሩትን ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ገደለ። በከተማይቱ ላይ ዝናብ ባይጥልም ደጋው ሲጠቍር የደቻቱ ዳር ነዋሪ ቀና ብሎ ወደ ደንገጎ የሚያየው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ አሸዋ ያያሉ፤ ያዩት ግን አንድ አይደለም።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለዓይኑ ደስታ ብቻ የሚጓዝ ሰው በሚያልፍበት አገር ላይ ዕዳ አለበትን?

የጥንቱ መንገደኛ ይህ ጥያቄ አልነበረበትም። ሲራራ ነጋዴው ከሐረር ወደ ዘይላ የሚወርደው ለቡናውና ለጨው ነበር፤ ምድረ በዳውንም ውብ ነው አላለም። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስና ከተማይቱም በእርሱ ምክንያት ስትቈረቈር የተሳፈረው ሰው ሁሉ ጉዳይ ያለው ነበር። ለማየት ብቻ መሄድ በዓለም ላይ አዲስ ልማድ ነው። በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ከስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባሕር ዳር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ስም ወጥቶለት ለጐብኚ ተሰጠ፤ ባለ ሞተሮችም ከየአገሩ እየመጡ ይዞሩታል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። እንዲያውም ሞተር ብስክሌት ከመኪና ይልቅ ሐቀኛ ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ነፋሱን፥ አቧራውን፥ የአገሩንም ሽታ ያለ መስተዋት ይቀበላልና።

ከደቻቱ ተነሥቶ በደወሌ በኩል ጂቡቲ የገባ ባለ ሞተር የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ቢሻገር፥ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት መንገዶች ሁሉ እጅግ ከሚያስደንቁት አንዱን ያገኛል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳል ሐይቅ በጨው ነጥቶ ይታያል፤ ከዚያም የጎዳ ተራሮች ከበላይ፥ የታጁራ ከተማ ከባሕሩ ጠርዝ፥ ከታጁራም እስከ ኦቦክ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ከጐን እየተከተለ ይሄዳል። በዚህ ደስ ያልተሰኘ ሰው ዓይን አለው ለማለት ያስቸግራል።

ዳሩ ግን በዚያው መንገድ ዳር እግረኞች አሉ። ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከሐረርጌና ከአርሲ የተነሡ ወጣቶች፥ አንዳንዶቹም በዚሁ በድሬዳዋ በኩል ያለፉ፥ የውኃ መያዣ በእጃቸው አንጠልጥለው በፀሐይ ውስጥ ወደ ኦቦክ ይጓዛሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር። በጥማት የወደቁት በመንገድ ዳር ተቀብረዋል። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰሜኑ ዳርቻ በጎዶርያ አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ቢያንስ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ተስፋ ቈርጠው ከየመን ይመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የያዘች ሌላ ጀልባ በዚያው ባሕር ተገለበጠች።

አንዱ ተነሥቶ፥ ባለ ሞተሩ ይህን መከራ አላመጣውም፤ ደስታውንም ቢተው እግረኛው አይጠግብም ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ደስታውንም እንዲያፍርበት የሚጠይቀው የለም። ሊወቀስ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፉን ሲያነሣ እግረኞቹ እስኪያልፉ ቆይቶ ባሕሩን ብቻ ማንሣቱ፥ ወደ ቤቱም ተመልሶ፥ ሰው የሌለበት ዳርቻ አየሁ ብሎ መናገሩ ነው። ዓይኑ አይቶ ሳለ አላየሁም ማለቱ ሐሰት ነው፤ የሞተውንም ሰው ሁለተኛ ያጠፋዋል። ደቻቱን ባዶ አሸዋ ነው ብሎ ያለፈው እንግዳ ባለማወቁ ይቅርታ አለው፤ ይህኛው ግን የለውም።

ውኃስ? በውኃ ላይ ክርክር አያስፈልግም። ጀሪካን ለመጫን ሞተሩ ጠበበ የሚል ሰው ለድንኳኑና ለምድጃው ስፍራ አግኝቷል።

የሚከብደው እግረኛው እጁን ዘርግቶ አሳፍረኝ ያለ እንደ ሆነ ነው። አሳፍሮት ኦቦክ ቢያደርሰው ወደ ጀልባይቱ አደረሰው፤ ትቶት ቢሄድ ለፀሐይ ተወው። አንዳንዶች፥ ወደ ሞት ከማቅረብ መተው ይሻላል ብለው ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ከኮርቻ ላይ ሲፈርዱት ይቀላል፤ እግረኛው ግን የሄደበትን ነገር ከባለ ሞተሩ ይልቅ ያውቀዋል፤ ኦቦክንም በእግሩም ቢሆን ሊደርስባት ቈርጧል። በኦቦክ ወደ አገራቸው መመለስ የሚፈልጉትን የሚቀበል የዓለም አቀፍ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል አለ፤ ይህን መንገር ማንንም አይጐዳም። ስለዚህ ባለ ሞተሩ ወርዶ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ውኃውን ሰጥቶ፥ ስለ ጀልባይቱና ስለ ማዕከሉ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይደብቅ ይንገረው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አሳፍረኝ ካለ መልሱን የሚሰጠው ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንጂ የራስ ቍሩን መስተዋት አውርዶ አይደለም።