ጎረቤት እየሰማ የሚነገር ቃል

በምርጫ ሰሞን ዕጩ ተወዳዳሪ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረ የሚሰጠው ቃል ምን ዓይነት ቃል ነው? ስጦታ ነው እንዳይባል፣ መንገዱም የቧንቧ ውሃውም የሚሠራው ከኪሱ አይደለም። ብድር ነው እንዳይባል፣ አበዳሪውም ከፋዩም ያው መራጩ ነው። ሃይማኖቶቻችን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከጥንት ስም አላቸው፤ ሙስሊሙ አማና ይለዋል፣ ክርስቲያኑ አደራ። አደራ የያዘ ሰው በእጁ ያለው የራሱ ስላልሆነ ለወደደው እየቆረሰ አያድልም። ስለዚህ የምረጡኝ ቃል ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሰሚውን በማስደሰቱ አይደለም፤ ድምፁን የማይሰጠው ጎረቤት ባለበትም ሳይለወጥ ሊነገር በመቻሉ ነው እላለሁ።

ከቡታጅራ ብዙም የማትርቀው የእንሴኖ ከተማ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት። ስሟ የሚነሣው በበርበሬ ገበያዋ ነው። የአካባቢው ሕዝብ፣ መስቃኑም ማረቆውም፣ ጆንያውን የሚያወርደው እዚያው ነው። ገዢ ዛላውን አንሥቶ ጆሮው ሥር ይነቀንቃል፤ ፍሬው ከተንኮሻኮሸ፣ ሲሰብረውም ቀጭ ካለ ደርቋል። ሚዛን እንዲያነሣ ውሃ የተረጨበት ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። እዚህ ገበያ የቆመ ገበሬ ከዕጩ የሚፈልገው የታወቀ ነው፦ ዋጋ የማይሰብር ደላላ፣ ክረምት የማይቆርጠው መንገድ፣ ለልጁ ሥራ። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በአካባቢው በመስቃንና በማረቆ መካከል ሰው የሞተበትና ብዙዎች የተፈናቀሉበት ግጭት የተነሣው በበርበሬ ዋጋ አልነበረም፤ የአስተዳደር መዋቅርና የወሰን ጥያቄ ነበረበት።

ይህን ያየ ሰው «ሕዝቡ ዳቦውን ትቶ ማንነት ላይ ተጣላ» ለማለት ይፈጥናል። ፍርዱ ችኩል ነው። በእኛ አገር በጀት የሚወርደው በመዋቅር ነው፤ ወረዳ ሲኮን ጽሕፈት ቤት ይመጣል፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር የሥራ መደብና ደመወዝ። ስልጤ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ ዞን ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ማረቆ ልዩ ወረዳ፣ ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሲሆኑ፣ ከስሙ ጋር ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ማን ይሠራል የሚለው ጥያቄም አብሮ መልስ እያገኘ ነው። የወሰን ጥያቄ ግማሹ የኑሮ ጥያቄ ነው። ችግሩ ጥያቄው ሳይሆን መልሱ ላይ ነው፦ አንዱ መንደር ላይ «እንሴኖ የእናንተ ብቻ ናት» ብሎ የሚምል ዕጩ ቀጣዩ መንደር ሲደርስ ያንኑ አይደግመውም። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ስለ ዘላቂ ሰላም ጽፎ በ1795 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ድርሰቱ፣ የሌሎችን መብት የሚነካ ሆኖ በአደባባይ ሊነገር የማይችል ዓላማ ፍትሐዊ አይደለም የሚል መለኪያ አቅርቧል። የእንሴኖ ገበያ ለዚህ መለኪያ የተመቸ አደባባይ ነው፤ ሁሉም ወገን ጆንያው አጠገብ ቆሞ ይሰማል።

«ተወካይ እኮ የሚወክለው የመረጠውን ነው፤ ለወገኑ ካልተሟገተ ለምን ተመረጠ?» የሚል ይኖራል። መሟገትና የሌላውን ድርሻ ቆርሶ መስጠት ግን ይለያያሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትን የመላው ሕዝብ ተወካዮች ያደርጋቸዋል፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው። ይኸው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተው ሳለ አማናና አደራ እዚህ ምን ይሠራሉ ለሚለውም በከፊል ይመልሳል፦ አንቀጽ 11 ሁለቱን ለየ፣ ሕሊናን ግን ከምክር ቤቱ በር አልመለሰም። መራጩም ሕሊናውን የሚያውቀው በአማናና በአደራ ስም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ለሁሉም አንድ ቃል የሚናገር ዕጩ ይሸነፋል። እውነት ነው፣ ሊሸነፍ ይችላል፤ የተገፋ ሕዝብ «ለአንተ ብቻ» የሚለውን መስማት ቢወድ አይፈረድበትም። ነገር ግን በሁለት ቃል ያሸነፈውም ከድምፅ ቆጠራው ማግስት ጀምሮ የሚጠብቀው ያው ሕዝብ ነው፤ የመስቃኑም የማረቆውም ጆንያ ወደዚያው ገበያ መውረዱ አይቀርም።