የብዙዎች ድካም የማን ነው?

በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች አዝመራ በደረሰ ጊዜ የጎረቤት እጅ የሚተባበርበትን ወግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንፈል የገባ ሰው ዛሬ የሰጠውን ቀን ነገ በራሱ ማሳ ላይ ይቀበለዋል፤ ደቦ የወጣ ደግሞ የባለ እርሻውን እህልና ጠላ ቀምሶ፣ ምርቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ አውቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሁለቱም ዘንድ ድካም በነጻ ቢሰጥም በስውር አይሰጥም። ጥያቄያችንም ከዚሁ ይነሣል። ብዙዎች በፍቅር ያዋጡት ሥራ በመጀመሪያ ባለቤቱ ሳይታወቅ ቢቀር፣ ኋላም ባለቤት ቢገኝለት፣ ፍትሕ ምን ይላል?

ነገሩን ከፊልም ዓለም በተወሰዱ ምሳሌዎች እንመርምረው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ፣ በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አላገኘም። ስለዚህ እርሱና ባልደረቦቹ አዳራሽ እየተከራዩ ማሳየት ግድ ሆነባቸው፤ በየከተማው ያሉ ጥቁር አሜሪካውያንም ወሬውን በማዳረስና ተመልካች በመሰብሰብ ፊልሙን ከሰው ጋር አገናኙት። ይህ እንደ ደቦ ያለ ነው፤ ፊልሙ የማን እንደሆነና የሚደከመውም ለምን እንደሆነ የተባበረ ሁሉ ያውቅ ነበርና።

ሁለተኛው ምሳሌ ግን ሌላ መልክ አለው። ፊልም ወዳድ የሆኑ ሰዎች፣ ፊት ለፊት ሳይተዋወቁ፣ በኮምፒዩተር መረብ እየተጻጻፉ የተዋንያንንና የአዘጋጆችን ስም ከነፊልሞቻቸው መዘገቡ። ኮል ኒድሃም የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1990 እነዚህን ዝርዝሮች መፈለጊያ ፕሮግራም አውጥቶ አካፈላቸው። ዛሬ አይኤምዲቢ በመባል የሚታወቀው መዝገብ እንዲህ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኩባንያ ሆነ፤ በ1998 ደግሞ አማዞን ገዛው። በሽያጩም የብዙ አዋጪዎች ድካም አብሮ ተላለፈ።

«በነጻ የሰጠ ሰው ምን ይጠይቃል? መዝገቡን ለማቆየትም ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ዛሬም ቢሆን ማንም ሳይከፍል ያነበዋል» የሚል አይጠፋም። አነጋገሩ እውነት አለው፤ እኛም ሽያጩ ስርቆት ነው አንልም። ይሁን እንጂ በነጻ የተሰጠ ነገር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋው ወደ አደራነት ይለወጣል እንጂ። እንዲያውም ስጦታ የተቀበለ ሰው ዕዳው ከገዢው ይልቅ ይከብዳል። ገዢ ዋጋውን ከፍሎ ይሰናበታል፤ ባለ አደራ ግን የሰጪውን አሳብ ተሸክሞ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያ ይህን አደራ በግልጽ ውል አሰረው። የጸሐፊዎቹ ድርሻ እስከተጠቀሰ ድረስ፣ የተጻፈውን ማንም ሊወስደውና ሊያባዛው ይፈቀድለታል። በጎ ፈቃደኞች የሚጽፉት የአማርኛው ክፍልም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። ስለዚህ ጠባቂው ቢለወጥ እንኳ ሥራው ከሕዝብ እጅ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ከሰቆጣ የራቀ ነገር አይምሰለን። ወጣቶቻችን በእጅ ስልካቸው ፎቶግራፍና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያነሣሉ። የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የኽምጣና ቋንቋ ተረትና ምሳሌ፣ የሽማግሌዎች ትዝታ በእነርሱ ትብብር ሊሰበሰብ ይችላል። እንዲሰበሰብም እንመኛለን።

እንግዲህ ሰባተኛውን ትእዛዝ የምናስተምር ሁሉ፣ የሌላውን ንብረት አለመንካት ብቻ ሳይሆን የሌላውን ድካም ማክበርንም ልናስተምር ይገባናል። አዋጪው ያየውንና ያረጋገጠውን ብቻ ይጻፍ፤ የተሳሳተ አንድ ስም የሌሎችን ሁሉ ልፋት አመኔታ ያሳጣልና። አስተባባሪውም ሥራው ሳይጀመር ሦስት ነገር ይናገር፤ ይኸውም የሚሰበሰበው የማን እንደሚሆን፣ የአዋጪዎቹ ስም የት እንደሚጻፍ፣ ቅጂውም በእነማን እጅ እንደሚቀመጥ ነው። ይህን ሳንናገር ሰውን ለጋራ ሥራ ብንጠራ፣ በጎነቱን ተጠቀምንበት እንጂ ፈቃዱን አልጠየቅነውም።