ቀልድና ቅዘንን ማን አጎራበታቸው?

ባለፈው የፋሲካ ገበታ ላይ የእህቴ ልጅ የባንክ ሥራዋን ልትለቅ መሆኑን ተናገረች። ለቃ ምን ልትሠራ? ስታንድ አፕ ኮሜዲ። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልለው ሊያጎርሷት ዘርግተውት የነበረው እጃቸው ባለበት ቆመ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ሲባል አልሰማሽም?» አሏት። ምግብ ቀርቦ ቅዘን መጥራት ነውር መሆኑን ያስተማሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልጅቱ ግን አልደነገጠችም። «እማማ፣ ቤቱ እኮ የኪራይ ነው፤ ቢጠፋ የሚያለቅሰው አከራዩ ነው» አለቻቸው። አክስቴ ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፤ አልሆነላቸውም።

እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ከተረቱ ጋር ሙግት ገጥሜያለሁ። ምን ለማለት እንደተፈለገ የሚስተው የለም። ቧልት የሰፈነበት ቤት ሥራ አይሠራበትም፣ ዕዳው ይከመራል፣ ልጅ አባቱን መፍራት ይተዋል። ቅዘኑም ዋዛ አይደለም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ልጅ ጠራርጎ የሚወስድ ጠላት ነበር። ስለዚህ ተረቱን ያወጣው ሰው ሊያስቀን ብቻ አልነበረም፤ ቀልድን ከገዳይ ጎን ነው ያቆመው። አባባሉን አልጠላውም። እንዲያውም አንድ ነገር በደንብ አይቷል፤ ሁለቱም አንዴ ከመጡ አይያዙም።

አልገጥም ያለኝ የቲፋኒ ሓዲሽ ነገር ነው። አሜሪካዊቷ ኮሜዲያን በእኛ ሰው ዘንድ ስሟ የሚነሳው አባቷ ኤርትራዊ በመሆናቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኦስካር ሽልማት ላይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትታይ ያልኮራ ሐበሻ ጥቂት ነው። የለበሰችው በቅርቡ ላረፉት አባቷ ክብር ነበር። ታሪኳን ከሥሩ ለተከታተለ ሰው ግን ቀሚሱ ከሚያሳየው የበለጠ ጉድ አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1979 ተወለደች። ሦስት ዓመት ሲሆናት አባቷ ጥለው ሄዱ። በ1988 እናቷ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ጭንቅላታቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ከሆስፒታል የተመለሱት ልጆቹ የሚያውቋቸው እናት አልነበሩም። ቲፋኒ ራሷ ሕፃን ሆና የታናናሾቿ አሳዳጊ ሆነች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ መንግሥት ልጆቹን ወስዶ ለአሳዳጊ ቤተሰቦች በተናቸው። እንግዲህ ተረቱ ይጠራና ይጠየቅ፤ ይህ ቤት ሲጠፋ ቀልዱ የት ነበር?

ቀልዱ የመጣው ቤቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ሰው ቤት የምታድግ ልጅ፣ የሚያሳድጓትን ሰዎች ካሳቀች ከዱላ እንደምትተርፍ ተማረች። ትምህርት ቤት ደግሞ ካሳቀቻቸው ልጆቹ የቤት ሥራዋን ይሠሩላታል። ሁለተኛ ደረጃ ገብታ እንኳ በቅጡ ማንበብ አለመቻሏ የተሸፈነው በዚሁ ሳቅ ነው። እዚህ ላይ ለተረቱ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ ቀልድ ችግርን ደብቆ ማቆየት ይችላል፣ የተደበቀ ችግር ደግሞ ይብሳል። ደግነቱ አንዲት አስተማሪዋ ነቃችባትና ማንበብ አስተማረቻት።

ረብሻዋ ሲበዛ ጉዳይዋን የያዘችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ሁለት ምርጫ አቀረበችላት፦ ወይ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ወይ ላፍ ፋክተሪ የሚባለው የኮሜዲ ቤት ለታዳጊዎች ያዘጋጀው ካምፕ። ይህቺን ሴት ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእኛ ተረት ቀልድን ከበሽታ ጋር ሲያስረው እሷ ከሕክምና እኩል አስቀመጠችው፤ ሁለቱም ግን ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት። ልጅቱ ካምፑን መረጠች።

እዚያ ከመከሯት ሰዎች አንዱ ዝነኛው ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር ነበር። ቲፋኒ ደጋግማ እንደምትናገረው፣ ቀልዷን መሀል ላይ አስቁሞ፣ ሰው ወደ ኮሜዲ ቤት የሚመጣው ችግርሽን ሊሰማ ሳይሆን ሊደሰት ነው፤ አንቺ መድረክ ላይ ከተደሰትሽ እሱም ይደሰታል አላት። ምክሩ ለብቻው ሲታይ ተራ ነው። ይህን ያለው ማን እንደሆነ ሲታሰብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፕራየር አያቱ በሚያስተዳድሩት የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ያደገ ሰው ነው። ሰባት ጊዜ አግብቷል። በ1980 ሰውነቱ በእሳት ተቃጥሎ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ያንኑ ቃጠሎ የመድረክ ቀልድ አደረገው። ዕድሜውን ሙሉ ከገዛ ችግሩ ሌላ ያወራው ነገር ጥቂት የሆነ ሰው፣ አንዲት ቤቷ የፈረሰባትን ልጅ «ችግርሽን አንሰማም» ይላታል! መጀመሪያ ስሰማው ግብዝነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ችግርሽን አታውሪ ሳይሆን፣ ስታወሪው ተመልካቹ እንዲያዝንልሽ አትጠብቂ ነው ያላት። ይህን ሊያስተምር የሚችል ደግሞ ችግር ያልደረሰበት ሰው አይደለም።

በኋላም፣ መኪናዋ ውስጥ በምታድርበት ዘመን፣ ኮሜዲያኑ ኬቪን ሃርት 300 ዶላር አውጥቶ «ማደሪያ ፈልጊ» አላት፤ ከሕይወት የምትፈልገውንም ዘርዝራ እንድትጽፍ አዘዛት። ቀልደኛ ለቀልደኛ የማደሪያ ሲከፍል ተረቱ ምን ይል ይሆን? የቀረውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በ2017 «ገርልስ ትሪፕ» የተባለው ፊልም ስሟን አወጣው፣ በ2018 ደግሞ ኤሚ ተሸለመች።

አሁን ወደ ቅዘኑ ልመለስ፤ አክስቴ ይቅር ይበሉኝ። የሰፈራችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብትጠይቋት ቅዘን ራሱ በሽታው እንዳልሆነ ትነግራችኋለች። ምልክት ነው፤ ሆድ የገባበትን መጥፎ ነገር ጠርጎ የሚያስወጣበት መንገድ ነው። ልጁን የሚገድለው ከሰውነቱ ተሟጦ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፤ ለዚህ ነው ኦአርኤስ በጥብጠው የሚያጠጡት። እንግዲያው ተረተኛው ካሰበው በላይ ልክ ብሏል። ከተጎዳ ቤት የሚወጣውን ቀልድ አየ፣ ቤቱም ሲፈርስ አየ፤ የቀደመው የትኛው እንደሆነ ግን አላጣራም። ያቺ አስተማሪ፣ ፕራየርና ሃርት ያደረጉት ቀልዱን ማስቆም አልነበረም፤ የሚፈሰውን መተካት እንጂ። አስተማሪ ያላገኘ ቀልደኛ ግን አልቆ ይሞታል፤ እንዲህ ያለውን በየሰፈራችን መጠጥ ቤት እናውቀዋለን።

አገር ቤትም ቢሆን ለተረቱ የማይመቹ ሰው አሉ። አለቃ ገብረ ሐና አህያ የሚነዳ ሰው አግኝተው «እንደምን አላችሁ?» ብለው ሰውየውን ከነአህዮቹ ባንድ ሰላምታ አለፉት ይባላል። በስማቸው የሚነገረው ቀልድ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ግማሹ እሳቸው ያላሉት መሆኑ አይቀርም። ነገር ግን እኚህ ሰው ትልቅ ሊቅ ነበሩ። ለቤተ ክርስቲያኑ ዝማሜ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ፤ እንቅስቃሴው የጣናን ማዕበል አይቶ የተቀዳ ነው ይላሉ። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም አሏቸው። አለቃም ለገዛ ልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጅየው ወደ ደብረ ታቦር ወስዶ አስፋፋው፤ እስከ ዛሬም የተክሌ አቋቋም ይባላል። መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እያሰሙ፣ ግራና ቀኝ ዘንበል ቀና ሲሉ ያየ ሰው የዚያን ቀልደኛ ሥራ ነው ያየው፤ የሚጠራው ግን በልጁ ስም ነው። አደባባዩ ከአለቃ የወሰደው ቀልዳቸውን ነው። ቁም ነገራቸው የተረፈው ቀልድ ያጠፋዋል በተባለው ቤት ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ለአክስቴ የምለቅላቸው ነገር አለ፤ ትንሽም አይደለም። ቀልደኛ ዕቃውን የሚያወጣው ከቤቱ ነው። የቲፋኒ እናት ሕመም መድረክ ላይ ወጥቷል፣ መጽሐፍም ውስጥ ገብቷል፤ ፈቃድ ተጠይቀው ቢሆን እንኳ በዚያ ጤንነታቸው ምን ብለው ሊመልሱ ይችሉ ነበር? የአለቃ ባለቤት ወይዘሮ ማዘንጊያም በስንቱ ቀልድ ውስጥ ሲሳቅባቸው ኖሯል፤ በአንዳንዱ እሳቸው እንደሚረቱ ቢነገርም አብዛኛውን የሚያወራው ባልየው ነው። እዚህ ጋ ቤቱ ባይፈርስም አንድ ሰው ውስጡ ቆስሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ቆስሎም ከእንግዶቹ ጋር መሳቅ አለበት።

እናም ተረቱን ያወጣው ሽማግሌ ወይም ደብተራ ነው ብዬ ማሰብ ትቻለሁ። ቀልደኛ ያገባች ሴት ትመስለኛለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወጧ፣ ዘመዶቿና እንቅልፏ ሳይቀሩ መሳቂያ ሲሆኑ የሰማች፣ አንድ ቀን ልኩን ልትነግረው የተነሳች። ከሆነ ከእሷ ጋር ሙግት የለኝም። ቅዘኑን ለምን እንደጨመረችበት ግን እገምታለሁ፤ ባሏን ለማሳቅ ነው።