የሁለት ቀን መንገድና የሌላ ሰው እንቅልፍ

ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ሰዓትን ማከፋፈል ነው። ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ ለምሳ ይህን ያህል፣ ለጉብኝት ይህን ያህል እያለ ወረቀቱን ይሞላል። መንገዱ ረጅም፣ የዕረፍቱ ቀን አጭር በሆነ ጊዜ ደግሞ ሂሳቡ ይጠብና ከእንቅልፍ ይቀነሳል፤ ከሌሊት ይበደራል። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንወደው ጥያቄ አንድ ነው። የሚቀነሰው ከማን እንቅልፍ ነው? መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ፣ በወረቀታችን ላይ እንደ ልባችን የምናከፋፍለው ሰዓት የማን ነው?

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ የታወቀ መንገድ እንውሰድ። ከኢትዮጵያም ሆነ ከቀረው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ለሕክምና ወደ ሕንድ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። እንበልና አንድ ቤተሰብ በሽተኛውን ይዞ ሙምባይ ገብቷል። ምርመራው ተደርጎ፣ ሐኪሙ «ውጤቱ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል» ብሎ አሰናብቷቸዋል። በሽተኛው በርትቷል፤ ቅዳሜና እሑድ ባዶ ናቸው። በባዕድ አገር በሆቴል ክፍል ተቀምጦ ሰኞን መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ከመካከላቸው አንዱ «እዚህ ድረስ መጥተንማ፣ አህመዳባድ ሄደን ሐበሻ የሠራውን ሳናይ አንመለስም» ቢል የሚፈረድበት አይሆንም።

ሐበሻ የሠራው መባሉም ከንቱ ወሬ አይደለም። አህመዳባድ እ.ኤ.አ. በ1411 በሱልጣን አህመድ ሻህ የተቆረቆረች፣ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት የጉጃራት ታላቅ ከተማ ናት። ጥንታዊው ክፍሏ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከሕንድ ከተሞች ይህን ስም ለማግኘት የመጀመሪያዋ ሆናለች። ከአፍሪካ ቀንድ በባሕር ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በባርነት ተሽጠው፣ ሕንድ የደረሱ ሰዎች በዚያ አገር «ሐብሺ» እና «ሲዲ» ይባሉ ነበር። ወታደር ሆነው ከገቡት መካከል እስከ ጦር አዛዥነትና እስከ መንግሥት ባለሟልነት የደረሱ አሉ። በደካን ሱልጣን ያነገሠው፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀ ነው። በአህመዳባድ ደግሞ ከዚሁ ከሐበሻ ወገን የሆነው ሲዲ ሰይድ፣ የጉጃራት ሱልጣኖች መንግሥት በአክባር እጅ በወደቀበት ወቅት፣ በ1572 እና 1573 ገደማ አንድ አነስተኛ መስጊድ አሠራ። መስጊዱ በትልቅነቱ የሚነገርለት አይደለም፤ ከተማይቱ ከእርሱ የሚበልጡ ብዙ አሏት። ዝናው ያለው በምዕራብ ግድግዳው ቅስቶች ውስጥ በተሰኩት የድንጋይ መስኮቶች ላይ ነው። በአንደኛው ላይ ዛፍ ተፈልፍሏል፤ ቅርንጫፎቹ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ፣ ቅስቱን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል። በመካከሉ ዘንባባ ቆሟል። ድንጋዩ ድንጋይነቱን ረስቶ ጥልፍ የሆነ ይመስላል። ሕንዶቹም ይህን መስኮት እጅግ ከማክበራቸው የተነሣ፣ በከተማይቱ የሚገኘው ስመ ጥሩው የማኔጅመንት ተቋም ዓርማውን የቀዳው ከእርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት መጓጓት ከልብ የመነጨ ጉጉት ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክሩ የሚጀምረው ወረቀቱ ላይ ነው። ከሙምባይ እስከ አህመዳባድ በብሔራዊ አውራ ጎዳና ቁጥር 48 ወደ 530 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ናይሮቢ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ለመገመት የሞምባሳን መንገድ አስበው ጥቂት ይጨምሩበት። ከሙምባይ ለመውጣት ያለውን መጨናነቅ፣ ምሳውንና ሻዩን ጨምሮ 10 ወይም 11 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ በ12 ሰዓት ተነሥቶ ምሽቱ ሲቃረብ መድረስ፣ ማደር፣ እሑድ ጠዋት መስጊዱንና የጋንዲን አሽራም ጎብኝቶ በ6 ሰዓት መመለስ፣ ከዚያም ሙምባይን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መርገጥ ነው። ወረቀቱ ሞልቷል። ለቤተሰቡ የሚደክም ጉዞ ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው ያንቀላፋል።

የፊተኛው ወንበርስ? በሕንድ እንዲህ ላለው መንገድ መኪና ከነሾፌሩ መከራየት የተለመደ ነው። ዋጋው በኪሎ ሜትር ይታሰባል፤ ለየቀኑም ዝቅተኛ የኪሎ ሜትር ወለል አለው። በዚያ ላይ የጎዳና ክፍያና ከማሃራሽትራ ወደ ጉጃራት ለመሻገር የሚከፈለው ቀረጥ ይጨመራል። በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ ያነሰችው መስመር የሾፌር አበል ናት። አበሏ ለራትና ለማደሪያ ትባላለች እንጂ አልጋ አትገዛም፤ ብትገዛም ሰውዬው ገንዘቡን ለቤቱ ማትረፍ ይሻል። ስለዚህ ብዙው ሾፌር ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ፣ መኪናው ውስጥ ያድራል። እንግዶቹ በሆቴሉ ሰባተኛ ፎቅ ሲተኙ እርሱ ከሥራቸው፣ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነው። በማግሥቱ ዳግመኛ 530 ኪሎ ሜትር ይነዳል።

የሕንድ ሕግ አውጪዎች ይህን ሳያዩት አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የሞተር ትራንስፖርት ሠራተኞች ሕግ የሥራውን ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ወስኖ ነበር። ሆኖም ሕጉ የተጻፈው 5 ሠራተኞችና ከዚያ በላይ ላሏቸው ድርጅቶች ሲሆን፣ አንድ መኪና ያለው ባለንብረትና አንድ ሾፌር ከዚያ መረብ ይሾልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በሕንድ ጎዳናዎች ከ168,000 በላይ ሰው መሞቱን የአገሪቱ መንግሥት ራሱ መዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉ በእንቅልፍ ምክንያት እንደ ሞተ ፖሊስ ሊቆጥረው የሚችል ነገር አይመስለንም። የሞተ ሾፌር እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር ብሎ አይመሰክርም።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ሰውዬው ተስማምቷል፤ ያስገደደው የለም፤ እኛ ባንቀጥረው ሌላው ይቀጥረዋል፤ ገንዘቡንም ይፈልገዋል» ይባላል። ይህን መልስ በንቀት የሚያልፍ ሰው ድኽነትን አያውቅም። በኪሎ ሜትር የሚከፈለው ሰው ረጅም መንገድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ እናዝንለታለን ብለን መንገዱን ብናሳጥርበት ያዘንነው በገዛ ኪሱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ስምምነቱን ጠጋ ብለን እንመርምረው። ሾፌሩ ዓርብ ማታ በስልክ የተስማማው በመንገዱ ነው፤ በድካሙ አልተስማማም፤ ድካሙ ገና አልመጣም ነበርና። ድካሙ የሚመጣው እሑድ ማታ፣ ከሙምባይ ሦስት ሰዓት ያህል ሲቀር ነው። በዚያን ጊዜ «ደክሞኛል፣ እንረፍ» ለማለት ለሰኞ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ የሚጣደፍ ቤተሰብ ፊት መናገር አለበት። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ የሚናገርበት ቃል ቢያገኝም ባለንብረቱ ቅሬታ ይደርሰዋል ብሎ ይሰጋል። አፉን የያዘው ክፉ ሰው የለም። የያዘው ወረቀቱ ነው፤ ዕረፍት የሚባል መስመር የሌለው ወረቀት።

እዚህ ላይ በዚያው አገር፣ ወደዚያው ባሕር ዳርቻ አቅጣጫ የተደረገ ሌላ ጉዞ ይታወሰናል። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1930 ማሃትማ ጋንዲ ከአህመዳባዱ አሽራም 78 የተመረጡ ተከታዮቻቸውን ይዘው የእንግሊዝን የጨው ሕግ ለመሻር በእግራቸው ወደ ዳንዲ ተነሡ። ወደ 385 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ24 ቀን ሄዱት። ይህም ጉዞ ዕቅድ ነበረው፤ እንዲያውም እጅግ የተጣራ ዕቅድ። የሚያድሩባቸው መንደሮች አስቀድሞ ተነግሯቸዋል፤ ቀለል ካለ ምግብ በቀር ምንም እንዳያሰናዱ ተለምነዋል፤ የየመንደሩ ሕዝብ ብዛት፣ የእንዝርቱ ቁጥር፣ የሚበላው ጨው ሳይቀር ተጠይቋል። ማለትም መንገደኛው ስለ ራሱ ምቾት ከማሰቡ በፊት ስለ አሳዳሪው ጠይቋል።

ይሁንና ከዚህም ዕቅድ ውስጥ አንድ ሰው አምልጦ ነበር። ሱራት ሊደርሱ ሲቃረቡ፣ በሌሊት ለሚሄዱበት መንገድ እንዲያበራ ተብሎ ከባድ የጋዝ ፋኖስ በአንድ ድኻ ወዛደር ራስ ላይ ተጭኖ አዩ። ወዛደሩ እንዲፈጥን ይጣደፍ ነበር። ጋንዲ ማየቱ ቢከብዳቸው ጊዜ እርምጃቸውን አፍጥነው ከሰዉ ሁሉ ቀደሙ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ ባለ ፋኖሱ እርሳቸውን ተከትሎ እንዲሮጥ ተደረገ። በማርች 29 ባትጋም በተባለችው መንደር በአደባባይ ተናግረው ተከታዮቻቸውን ገሠጹ፤ ከሱራት በጭነት መኪና የሚመጣውን ወተትም ሳይጠቅሱ አላለፉም፤ ከጥፋቱም ራሳቸውን አላወጡም።

ጋንዲን በሁሉ ነገር አርአያ ማድረግ የዚህ ጸሐፊ ልማድ አይደለም። ይህች ታሪክ ግን ከብዙ ስብከት የምትበልጥ ይመስለናል፤ ምክንያቱም የምታሳየው የቅን ሰው ኀዘን ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ነው። ሰውዬው አዘኑ፤ ከማዘናቸው የተነሣ ፈጠኑ፤ ከመፍጠናቸው የተነሣ ሸክም ያለበት ሰው ሮጠ። በመንገድ ላይ የምናሳየው ደግነት ሁሉ እንዲሁ ነው። ለሾፌሩ ሻይ እንገዛለታለን፤ ስሙን እንጠይቀዋለን፤ ስለ ልጆቹ እናጫውተዋለን፤ ስንለያይ ጉርሻ እንጨምርለታለን። መልካም ነው፤ ከዚህ የሚያንስ ብዙ አለና። ነገር ግን ሻዩ የሚነዳበትን ሰዓት አያሳጥርለትም፤ እንዲያውም እንዲነቃ ያደርገውና እንዲቀጥል ይረዳዋል። ፋኖሱን ከሰው ራስ ላይ ማውረድ የሚቻለው ዓርብ ማታ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ። እሑድ ማታ ያን ማድረግ የሚችል ሰው በመኪናው ውስጥ የለም፤ ሾፌሩም ቢሆን አይችልም።

እንግዲህ ቤተሰባችን ምን ያድርግ? ቢቻል እስከ አህመዳባድ በባቡር ቢሄድ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዚህ መስመር የሚሠራው ፈጣኑ ባቡር ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጉዞ ያደርሳል። የባቡሩ ነጂ ተራው ሲደርስ የሚተካው ሰው አለው፤ የዕረፍቱም ነገር ለተሳፋሪው ርኅራኄ የተተወ አይደለም። በከተማው ውስጥ ባለ ሦስት እግሯ ባጃጅ ትበቃለች፤ ባለ ባጃጁም ማታ ቤቱ ይገባል። ለበሽተኛው ባቡር የማይመች ከሆነና መኪና የግድ ከሆነ፣ መንገዱን ከግማሽ ጥቂት አልፋ በምትገኘው በሱራት ላይ ማቆም ነው፤ አህመዳባድ ይቀራል። ይህ ከባድ ቃል መሆኑ አይጠፋንም፤ የሲዲ ሰይድን መስኮት ለማየት ዳግመኛ የሚመጣ ማን ነው? ደግሞም በሕክምና ወጪ የተጨነቀ ቤተሰብ ለሾፌር አልጋ ያውጣ ማለት ለተናጋሪው እንጂ ለከፋዩ አይቀልም። ቢሆንም የአልጋው ዋጋ ከጉዞው ወጪ ተለይቶ የሚታይበት ምክንያት አይታየንም። ቤንዚኑን ምጽዋት ብሎ የሚጠራው የለም፤ አልጋውም እንደ ቤንዚኑ መኪናው የሚሄድበት ነገር ነው። መኪናውን በስልክ ስንከራይ «ዋጋው ስንት ነው?» ከማለታችን አስቀድሞ «ሾፌሩ የት ያድራል?» ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ ከወረቀቱ ላይ አንዳንድ ነገር መሰረዙ አይቀርም።

ከሚሰረዘው ጋር ያልታሰበ ነገርም ይገኛል። መስኮቶቹ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ናቸው ብለናል። እሑድ ጠዋት ደርሶ በ6 ሰዓት ለመመለስ የሚጣደፈው ጎብኚ ሲያያቸው ፀሐይ ገና በወዲያኛው ወገን ናት። ቅዳሜ በባቡር ገብቶ በ10 ሰዓት ገደማ በዚያ የተገኘ ግን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ በዛፉ ቅርንጫፎች መካከል ስትገባ ያገኛታል።