የውሃው ሐቅ ሳይመለስ ተውበት አይሞላም



ሐዋሳ ጉዱማሌ ከሐይቁ ዳር በቆምኩ ቁጥር የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ይህ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚፈስበት መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ያመጣለትን ሁሉ፣ ፋብሪካና ከተማ የለቀቁትንም ጭምር፣ ይዞ ይቀመጣል። ዓሣውን የምንበላው ደግሞ እኛው ነን። ታዲያ ውሃን የበደለ ድርጅት ዕዳው ለማን ነው?

በሸሪዓችን የአላህ (ሱ.ወ) ሐቅና የሰው ሐቅ ይለያያሉ። ባሪያው በእርሱና በጌታው መካከል ላለው ኃጢአት ከልቡ ተውበት ካደረገ አላህ መሐሪ ነው። የሰው ሐቅ ግን ለባለቤቱ ካልተመለሰ ወይም ባለቤቱ ይቅር ካላለ ተውበቱ አይሞላም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ መሽናትን እንኳ ከልክለዋል። ሌትና ቀን በቱቦ የሚለቀቅ መርዝማ ምን ሊባል ነው? በቂያማ ዕለት «ያደረገው ድርጅቱ ነው» ማለት አያድንም፤ ለሒሳብ የሚቆሙት ያዘዙት፣ የፈረሙትና አይተው ያለፉት ናቸው።

በዱንያ ግን ድርጅቱም ራሱ መጠየቅ አለበት። በስሙ ትርፍ የሚሰበስብ በስሙ ዕዳ ይክፈል። በጉጂ የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን አካባቢ ነዋሪዎች «ኬሚካሉ ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ» ብለው ሲነሱ፣ መንግሥት በግንቦት 2010 ዓ.ም የሚድሮክን ፈቃድ አገደ። ኩባንያው ክሱን አስተባበለ። በ2013 ዓ.ም ሥራው እንደገና ተጀመረ። ነገር ግን ፈቃድ ማገድ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን በፍርድ አጣርቶ፣ በዳይ ከተገኘ ተበዳይን ማስካስ ሌላ ነው። የማሽን መቆም ለታመመ ሕፃን መድኃኒት አይገዛም።

የናይጄሪያ ገበሬዎች ይህን ተረድተዋል። የፈሰሰ ነዳጅ እርሻቸውንና የዓሣ ኩሬያቸውን ሲያበላሽባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ሼልን ኔዘርላንድስ ድረስ ሄደው ከሰሱ። በ2021 የሄግ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የናይጄሪያውን ቅርንጫፍ ተጠያቂ አደረገ፤ በ2022 ኩባንያው 15 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማ። ፍርዱን ሳያዩ የሞቱም ነበሩ፤ ሐቁ ግን አልሞተም።

በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎታል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ሳይል፣ በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ፈቀደ፤ በ30 ቀን ውሳኔ ካጣ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፈተ።

«ፋብሪካው ቢዘጋ እንጀራችንስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም በ2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ሆኖ ነው የተገነባው። እንጀራና ንጹሕ ውሃ ጠላቶች አይደሉም ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያያችሁትን ከነቀኑ መዝግባችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ያላያችሁትን አትመስክሩ። ለተበዳይ መመስከር አማና ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሐቅን ከሚመልሱት ያድርገን። አሚን።