የአብርሃም መቶ ዓመት

ምእመናን ሆይ፤ እግዚአብሔር የታመነ መሆኑን በአፉ የማይመሰክር ክርስቲያን የለም። ነገር ግን የለመንነው ሲዘገይ፥ ዕድሜያችንም ሲመሽ፥ «ረስቶን ይሆንን?» የሚል አሳብ በልቡናችን ይገባል። ስለዚህ የአባታችንን የአብርሃምን ጉዞ እንመልከት።

አብርሃም ከካራን ሲወጣ ዕድሜው 75 ዓመት ነበረ፤ ይስሐቅ የተወለደለት በ100 ዓመቱ ነው። በዚህ በ25 ዓመት መካከል ረኃብ ወደ ግብፅ አወረደው፤ መጠበቁም ቢረዝምበት ከአጋር እስማኤልን ወለደ። እርሱ ቢደክምም እግዚአብሔር ከቃል ኪዳኑ አልተመለሰም። ምድሪቱንስ ወረሰን? በ175 ዓመቱ ሲያርፍ ከተስፋይቱ ምድር በርስትነት የያዘው፥ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር የገዛውን እርሻና በውስጡ ያለውን የመቃብር ዋሻ ብቻ ነበረ። የቀረውን ልጆቹ ወረሱት።

እንግዲህ የእግዚአብሔር ታማኝነት በእኛ ዕድሜ አይሰፈርም። ደግሞም ምኞታችንን ከተስፋው ጋር አናደባልቅ። ሀብት፥ ጤና፥ ልጅ ብንለምን መስጠትም መንሣትም የእርሱ ፈቃድ ነው፤ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእኛ ጋር መሆኑ ግን የተቈረጠ ቃል ነው። አብርሃም ዋሻውን ሲገዛ ሣራን እያለቀሰ ነበረ፤ ሆኖም የቀበራት በተስፋይቱ ምድር ነው። እኛም እያለቀስን ብንሆን ከመንገዱ አንውጣ።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።